ሙዝ ፑዲንግ በቤት ውስጥ፦ ማታ ረግቶ ጠዋት ውሃ እንዳይሆን

«ማታ ደህና አድርጎ የረጋው ካስተርድ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ውሃ ሆኖ አገኘሁት፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ወር የለም። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው አትላንታና አካባቢዋ የሚኖሩ፣ በሥራ ቦታ ድግስ ወይም በጎረቤት ቤት ሙዝ ፑዲንግ ቀምሰው ራሳቸው ሊሠሩት የተነሡ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባና ዱባይ ሆነው የሚሞክሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ቁርጥራጭ መልስ ከመስጠት ሙሉውን አሠራር አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካስተርዱ፣ ማለትም ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳልና ከስታርች ተማስሎ የሚወፍረው የፑዲንጉ ክፍል፣ አልፈላም። እንቁላሉ እንዳይጓጉል በመፍራት ገና መወፈር ሲጀምር ከእሳት ይወርዳል። ምክንያቱን በተራ ቁጥር 4 ላይ በዝርዝር ታገኙታላችሁ። ሌላውን ሁሉ በችኮላ ብታነቡት እንኳን እሱን ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ላልቀመሰው ሰው፦ ሙዝ ፑዲንግ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጣፋጭ ነው። ትንንሽ ክብ ቫኒላ ብስኩት፣ የተከተፈ የበሰለ ሙዝና ትኩስ ካስተርድ በጥልቅ ሳህን ተደራርበው፣ ከላይ በስኳር የተመታ የእንቁላል ነጭ (ሜሪንግ) ለብሰው በኦቨን ቡናማ ይሆናሉ። የላይኛውን በቀዝቃዛ ክሬም የሚተኩም ብዙ ናቸው። እንደ ኬክ በቢላዋ አይቆረጥም፤ በትልቅ ማንኪያ ይጨለፋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ካልቆመላችሁ አትጨነቁ፤ ውሃ ካቆረ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ10 ሰው ያህል)

ለካስተርዱ፦
- ቅባቱ ያልወጣለት ወተት፣ 1 ሊትር
- ስኳር፣ 150 ግራም (ሦስት አራተኛ ኩባያ)
- የበቆሎ ስታርች፣ 60 ግራም (ግማሽ ኩባያ)
- የ5 እንቁላል አስኳል
- የገበታ ቅቤ፣ 40 ግራም
- ቫኒላ፣ 2 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ

ለድርድሩ፦
- ቫኒላ ብስኩት፣ 300 ግራም
- መካከለኛ መጠን ያለው ሙዝ፣ 6 (ተልጦ 700 ግራም ያህል)

ለላዩ፦
- የ5ቱ እንቁላል ነጭ
- ደቃቅ ስኳር፣ 125 ግራም
- ክሬም ኦፍ ታርታር (የነጩ አረፋ እንዲጸና የሚረዳ ኮምጣጣ ነጭ ዱቄት)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ከሌለ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ

ዕቃ፦ ሥሩ ወፍራም የሆነ 3 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ የሽቦ መምቻ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ማማሰያ፣ ወንፊት፣ የኤሌክትሪክ መምቻ፣ 3 ሊትር ያህል የሚይዝ ፓይሬክስ። ኩባያ ያልኩት 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፤ የቤታችሁ የሻይ ብርጭቆ ከዚህ በጣም ያንሳል። ሚዛን ካላችሁ በግራም መሥፈሩ ይመረጣል።

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። የበቆሎ ስታርች ማለት በአንዳንድ ሱቅ ኮርንፍላወር ተብሎ የሚሸጠው፣ በጣት ሲጫን የሚንሿሿው በረዶ የመሰለ ነጭ ዱቄት ነው። ለገንፎ ወይም ለቂጣ የሚፈጨው የበቆሎ ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከጨመራችሁ አሸዋ አሸዋ የሚል ካስተርድ ትበላላችሁ። ቅቤውም ያልተነጠረ ይሁን፤ ኮረሪማና በሶብላ የገባበት ቅቤ ቫኒላውን ውጦ ያስቀረዋል።

ወተቱን ከላም አርቢ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ከዚያ 1 ሊትሩን ስፈሩ። ሲፈላ ስለሚቀንስ ቀድሞ የተለካው ወተት ይጎድላል፣ ካስተርዱም ከሚገባው በላይ ይወፍራል። የታሸገ ረጅም ዕድሜ ያለው ወተትም ሆነ በመመሪያው መሠረት የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ያለ ችግር ይሠራል። ቅባቱ የወጣለት ወተት ግን ተዉት፤ ይረጋል፣ ጣዕሙ ግን ቀጭን ነው።

ብስኩቱ አሜሪካ ባለ ሱቅ ሁሉ በቢጫ ሣጥን ይገኛል። በሌለበት አገር ማሪ ብስኩት ወይም ክሬም የሌለው ተራ የሻይ ብስኩት ይተካዋል። ማሪ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ለመለስለስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ እያንዳንዱን ብስኩት በእጅ ለሁለት ስበሩት። ክሬም የተቀባ ብስኩት አይሆንም፤ ስቡ ካስተርዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

ሙዙ ላይ ደግሞ ምርጫ አታብዙ፣ ብስለቱን ብቻ ተመልከቱ። ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ጥቂት ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረው ነው የሚፈለገው። ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ሙዝ ስታርቹ ገና ወደ ስኳር ስላልተለወጠ አፍ ይይዛል። የጠቆረው ደግሞ በትኩስ ካስተርድ ሥር ይሟሟል፣ ውሃም ይለቃል። የአርባ ምንጩ ሙዝ አሜሪካ ከሚሸጠው አነስ ስለሚል በቁጥር ሳይሆን በክብደት ግዙ፦ ከነልጣጩ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል ይበቃል።

አሠራሩ

1. እንቁላሉን ለዩ። እንቁላል ከፍሪጅ እንደወጣ አስኳሉ ጠንከር ስለሚል በቀላሉ ይለያል። እያንዳንዱን በትንሽ ሲኒ ላይ ስበሩና ነጩ ንጹሕ መሆኑን አይታችሁ ወደ ትልቁ ሳህን ገልብጡ። በነጩ ውስጥ የአስኳል ጠብታ ከገባ ያ ነጭ ለሌላ ምግብ ይሁን። የአስኳል ስብ ነጩ አረፋ እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ አንዱ የተበላሸ ደግሞ አምስቱንም ያበላሻል። የለያችሁትን ነጭ ምድጃው አጠገብ ተዉት፤ ካስተርዱ እስኪደርስ ቅዝቃዜው ይለቀዋል፣ ሲመታም የበለጠ ይነሣል።

2. አስኳሉንና ስታርቹን በቀዝቃዛ ወተት በጥብጡ። ስኳሩን፣ ስታርቹንና ጨውን በደረቁ ቀላቅሉ። ከ1 ሊትሩ ላይ 150 ሚሊ ሊትር ቀንሳችሁ ጨምሩበትና በመምቻ በጥብጡት፤ አስኳሉን አስከትሉ። በደረቁ መቀላቀሉ ስኳሩ በስታርቹ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ እንዲለያያቸው ነው። ስታርች በቀጥታ ትኩስ ወተት ላይ ከተበተነ የእያንዳንዱ ጓል ውጪው በስሎ ውስጡ ደረቅ ይቀራል፤ ያን ጓል በኋላ ማማሰል አይፈታውም። ስኳርና አስኳልን አንድ ላይ አድርጋችሁ ስልክ ለማንሣት አትሂዱ፤ ስኳሩ የአስኳሉን ውሃ ስቦ የሚጠጥር ቢጫ ቅንጣት ይሠራል።

3. የቀረውን ወተት አሙቁና ቀስ ብላችሁ አገናኙ። ወተቱ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ መትነን ሲጀምር አውርዱ። በአንድ እጅ አስኳሉን እየመታችሁ በሌላው እጅ ትኩሱን ወተት በጭልፋ በጥቂቱ ጨምሩ። ሦስት አራት ጭልፋ ከገባ በኋላ የቀረውን ማፍሰስ ትችላላችሁ። አስኳሉ ቀስ በቀስ ከሞቀ ይለምደዋል፤ ትኩሱ ወተት በአንድ ጊዜ ከወረደበት ግን ወዲያው ይበስልና እንቁላል ፍርፍር ይሆናል።

4. ወደ እሳት መልሱትና አፍሉት። የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው።

መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉና የድስቱን ሥርና ጠርዝ እየፋቃችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ለተወሰነ ደቂቃ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ከዚያ ማማሰያው ድንገት ይከብዳል። ብዙ ሰው ደስ ብሎት እሳቱን የሚያጠፋው በዚህ ሰዓት ነው። አታጥፉ። እሳቱን ቀንሱና ማማሰሉን ለአምስት ሰከንድ ያህል አቁማችሁ ተመልከቱ፦ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚያደርገው ትልልቅ ዘገምተኛ አረፋ ከታች መጥቶ መሐሉ ላይ መፈንዳት አለበት። ከመጀመሪያው ፍንዳታ ጀምሮ እያማሰላችሁ 2 ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

ለምን? በአስኳል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ስታርችን መሰባበር ነው። የወፈረው ካስተርድ እስኪፈላ ካልደረሰ ይህ ኢንዛይም አይሞትም፤ ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ ስታርቹን ሌሊቱን ሙሉ ይቆራርጠዋል። ማታ ወፍሮ ያደረው ጠዋት ወተት የሚሆነው ለዚህ ነው። እንቁላሉ ይጓጉላል የሚለው ፍርሃት ትክክል የሚሆነው ስታርች በሌለበት ካስተርድ ነው። እዚህ ሞቆ ያበጠው ስታርች በአስኳሉ ፕሮቲኖች መካከል ስለሚገባ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይጓጉሉ ይከላከላቸዋል። ስለዚህ ሳትፈሩ አፍሉት።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ 2 ደቂቃውን 3 ወይም 4 አድርጉት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ካስተርዱ እየተንተከተከም ሙቀቱ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ካለው ያንሳል፤ የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ማካካስ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚንተከተክ ካስተርድ ይፈናጠራል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል። ረጅም እጀታ ያለው ማማሰያ ያዙ፣ ሕፃናትን ከምድጃው አርቁ።

5. አጥልሉ፣ ቅቤና ቫኒላ ጨምሩ። ድስቱን አውርዳችሁ በወንፊት ወደ ሌላ ሳህን አጥልሉት። ምንም ያህል ብትጠነቀቁ የበሰለ የእንቁላል ክር አይጠፋውም። ከዚያ ቅቤውንና ቫኒላውን ጨምራችሁ አዋሕዱ። ቫኒላ እሳት ላይ እያለ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። በዚህ ሰዓት ካስተርዱ ከምትፈልጉት ቀጠን ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ስታርች ልጨምር አትበሉ።

6. ሙዙን አሁን ክተፉ። ቀድሞ አይከተፍም፤ የተቆረጠው ገጽ አየር ሲያገኝ ይጠቁራል። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ይሁን። ከዚህ የሳሳው በካስተርዱ ሙቀት ይፈራርሳል፣ የወፈረው ደግሞ ከብስኩቱ ጋር በአንድ ማንኪያ አይነሣም። የሎሚ ጭማቂ የሚረጩበት አሉ፤ ጥቂት ጠብታ አይጎዳም፣ ነገር ግን የተጠራቀመ የሎሚ ውሃ ካስተርዱን ያቀጥነዋል። እኔ ሎሚውን ትቼ ቶሎ በካስተርድ መሸፈኑን እመርጣለሁ።

7. ደርድሩ። መጀመሪያ በፓይሬክሱ ሥር ሁለት ማንኪያ ካስተርድ ቀቡ፤ የታችኛው ብስኩት ከሁለቱም በኩል እርጥበት እንዲያገኝና እንዳይንሸራተት ነው። ከዚያ አንድ ረድፍ ብስኩት፣ አንድ ረድፍ ሙዝ፣ የካስተርዱ ሲሶ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙት። የመጨረሻው ሽፋን ካስተርድ ይሁንና አንድም የሙዝ ቁራጭ ብቅ እንዳይል አድርጉ፤ ብቅ ያለው ይጠቁራል። ካስተርዱን ስታፈሱ በማንኪያ ጀርባ ወደ ማዕዘኖቹ ግፉት። ትኩስ ካስተርድ በብስኩቶቹ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ ቀዝቅዞ የረጋው ግን ከላይ ተንሳፍፎ ይቀርና ታች ያለው ብስኩት ደረቅ ሆኖ ያድራል።

8. ነጩን ምቱ። ኦቨኑን ወደ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (325 ፋራናይት) አሙቁ። ነጩንና ክሬም ኦፍ ታርታሩን በመካከለኛ ፍጥነት ምቱት። አረፋው ነጭና ለስላሳ ሆኖ መምቻው ሲነሣ ጫፉ መታጠፍ ሲጀምር ስኳሩን በአንድ አንድ ማንኪያ እየጨመራችሁ ፍጥነቱን ከፍ አድርጉ። መድረሱን ለማወቅ በሁለት ጣት መካከል ጥቂት ወስዳችሁ እሹት፤ ስኳሩ የሚሻክር ከሆነ ምቱት፣ ልስልስ ካለ በቃ። ያልሟሟ ስኳር ኦቨን ውስጥ ቀልጦ በሜሪንጉ ላይ የሽሮፕ እንባ ሆኖ ይወጣል። ሲያበራ የነበረው አረፋ ደብዝዞ መቆራረስ ከጀመረ ደግሞ ከልኩ በላይ ተመትቷል።

ሳህኑም መምቻውም ደረቅና ከቅባት የጸዳ መሆን አለበት። የፕላስቲክ ሳህን ታጥቦም ቅባት ስለሚይዝ ብረት ወይም ብርጭቆ ተጠቀሙ።

9. አልብሱና ጋግሩ። ካስተርዱ ገና ትኩስ እያለ ሜሪንጉን መጀመሪያ ዳር ዳሩን አድርጉና ከሳህኑ ጠርዝ ጋር አጣብቁት፤ ከዚያ መሐሉን ሙሉ። ጠርዙን ካልያዘ ሲበስል ተሰብስቦ እንደ ደሴት መሐል ላይ ይቀራል። ትኩስ ካስተርድ ላይ መደረጉ ደግሞ የሜሪንጉን ሥር ከታች ያበስለዋል፤ ቀዝቃዛ ላይ ከተደረገ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሥሩ ጥሬ ይቀርና በሁለቱ መካከል ውሃ ይተኛል። በማንኪያ ጀርባ ላዩን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ጋግሩት። ቴርሞሜትር ካላችሁ የሜሪንጉ መሐል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (160 ፋራናይት) መድረሱን አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓይሬክስ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ኦቨን አታስገቡ፤ ከኦቨን ያወጣችሁትንም እርጥብ ወይም ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሳይሆን ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ አሳርፉት።

10. አቀዝቅዙ። ለአንድ ሰዓት ያህል በክፍል ሙቀት ይቆይ፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት። ብስኩቱ ኬክ የሚመስለው ካስተርዱን ጠጥቶ ሲያብጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። በተሠራ ማግስት ይበልጥ ይጣፍጣል።

ኦቨን ለሌላችሁ

ተራ ቁጥር 8ንና 9ን ዝለሉ። የደረደራችሁትን የፕላስቲክ መጠቅለያ ካስተርዱን እስኪነካ አልብሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ መጠቅለያው ካልነካው ላዩ ቆዳ ያወጣል። ልታቀርቡት ስትሉ 400 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ክሬም ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር መትታችሁ ከላይ ቀቡ። ክሬሙ ሞቅ ካለ አይነሣም፤ ሳህኑንም ቀድማችሁ አቀዝቅዙት። የዱቄት ክሬም ከሆነ ያላችሁ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የወተት ልክ ተከተሉ። የተረፈውን የእንቁላል ነጭ አትጣሉት፤ ለጠዋት እንቁላል ይሆናል።

በጾም ወቅት

እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይቀራሉ። ግማሽ ሊትር የኮኮናት ወተትና ግማሽ ሊትር ውሃ ደባልቁ፣ ስታርቹን ወደ 80 ግራም ከፍ አድርጉ፣ ስኳሩና ጨው እንዳለ ይሁን። ስታርቹን በቀዝቃዛው በጥብጦ ማፍላቱ አይለወጥም። ቫኒላ ብስኩት አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ወይም ወተት ስላለበት ማሸጊያውን አንብባችሁ የጾም የሆነውን ምረጡ። ከላይ ኮኮናት ፍርፋሪ ይበቃዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

- *ካስተርዱ ሥሩን ያዘ።* ከታች ያረረውን አትፋቁ፤ ከላይ ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ አፍስሱና ቅመሱት። የማረር ጣዕም ከገባው ቫኒላ አይሸፍነውም፣ እንደገና ጀምሩ። በቀጭን ድስት የምትሠሩ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት።
- *ተጓጎለ።* ጥቂት ከሆነ ወንፊቱ ይይዘዋል። ብዙ ከሆነ ገና ትኩስ እያለ በመፍጫ ማሽን ለአፍታ ብቻ መትታችሁ አጥልሉ፤ ማብዛቱ ስታርቹን ሰብሮ ያቀጥነዋል።
- *ቀዝቅዞ ከረጋ በኋላ ተማሰለ።* ይህም ካስተርድን የሚያቀጥን ነው። የስታርቹ መረብ አንዴ ከረጋ በኋላ ሲበጠስ ተመልሶ አይያያዝም። ስለዚህ ትኩስ እያለ ደርድሩና ከዚያ አትንኩት።
- *በሜሪንጉ ላይ ቡናማ ጠብታዎች ታዩ።* ስኳሩ አልሟሟም ወይም ከልኩ በላይ በስሏል። መልኩ እንጂ ጣዕሙ አልተጎዳም፤ አቅርቡት።
- *በሜሪንጉ ሥር ውሃ አለ።* ካስተርዱ ቀዝቅዞ ነበር፣ ወይም ሜሪንጉ አልበሰለም።

አቀማመጥ

እንቁላልና ወተት ያለበት ስለሆነ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በበጋ ደጅ በሚደረግ ድግስ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ሰው ቤት ይዛችሁ ስትሄዱ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ሣጥን አድርጉት። ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ እስከ 3 ቀን ይበላል፣ ምንም እንኳን በሦስተኛው ቀን ሙዙ ቢጠቁርና ሜሪንጉ ቢላላ። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፤ በረዶው ሲቀልጥ ስታርቹ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ማማሰልም ከንቱ ይቀራል።